የእናቴ ዳሌ ውስጥ የገባው ብረት ጠሟል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ከ6 ሳምንት በፊት መገጣጠሚያው ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ ተቀየረላት። የተከፈተው ከኋላ በኩል ነው። አንድ ዘመዳችን ራጁን አይቶ «ብረቱ ጠሟል፣ ይወልቃል» ብሎ አስፈራን። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ከባጃጅ ስትወርድ ቀጭ አለባት። በክራንች ትራመዳለች፣ ግን ታፋዋን ስለሚያማት ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁ እሰጣታለሁ። ጎረቤት ወጌሻ ጥሩላት ይላል። እሷ ደግሞ ለበዓል ዘጌ ገዳም ካልሄድኩ ብላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽው ስለ ራጅ ነው፤ የፈራሽው ግን «እናቴን አበላሽተዋት ይሆን?» ብለሽ ነው። ራጁን አላየሁትም። ዘመዳችሁ ያየው ማዘንበል ግን ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ዳሌ ላይ የሚገባውን ሶኬት እንደ ቡና ሲኒ አስቢው፤ በታፋው ብረት አንገት ጫፍ ላይ ያለው ኳስ እዚያ ውስጥ ይዞራል። አፉ ወደ ታችና ወደ ውጭ፣ ትንሽ ደግሞ ወደ ፊት ማየት አለበት። በፈረንጆቹ 1978 የወጣና እስካሁን የምንጠቅሰው ልክ አለ፤ ማዘንበሉ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ፣ ወደ ፊት ማየቱ ከ5 እስከ 25። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሲኒ ባይ ነበር የምደነግጠው።

ልኩ ውስጥ መግባቱ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። ወገብም ይቆጠራል። ስንቀመጥ ዳሌያችን ወደ ኋላ ዘንበል ይልና ለታፋው ቦታ ይለቃል። ወገባቸው የደረቀ ሰዎች ይሄ የላቸውም፣ ስለዚህ እናትሽ የቆየ የወገብ ችግር ካለባቸው ለቀዶ ሐኪማቸው ንገሪው።

አሁን ወደ ባጃጁ። ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ይደርሳል፣ ሲወርዱ እግራቸውን ወደ ውስጥ ያዞራሉ። ከኋላ ለተከፈተ ዳሌ ከዚህ የከፋ ነገር አላውቅም! ታፋው ከ90 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ የብረቱ አንገት የሲኒውን የፊት ጠርዝ ይነካና ኳሱን ወደ ኋላ ፈንቅሎ ያወጣዋል። የቡና በርጩማም፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤትም፣ ስግደትም ያው ናቸው። ለሽንት ቤቱ መሀሉ የተቀደደ ከፍ ያለ ወንበር አናጢ ይሥራላችሁ። ቡናውን ወንበር ላይ ሆነው ይጠጡ፣ ማፍላቱን አንቺ ያዢው።

ቀጭ ያለው ወልቆ ነው? እየረገጡት ከሆነ፣ ሁለቱም እግር እኩል ከሆነ፣ አይመስለኝም። የወለቀ ዳሌ አያስረግጥም። ድንገት ኃይለኛ ሕመም ይመጣል፣ እግሩ ያጥራል፣ ጣቶቹ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። ይህን ካየሽ ሳታነሺ ሳታስቀምጪ አምቡላንስ ጥሪና ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ፤ ምግብም ውኃም አይስጧቸው፣ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ ነው። ባታዪውም ግን ነገ ራጅ ይነሡ። ሁለት ቀን ለምን እንደጠበቅሽ አልገባኝም።

ወጌሻ ግን አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ የምሰማው ነው። ወጌሻ ለተጎዳ ሰው ሲያዝን የኖረ ሰው ነው፣ አልንቅም። እናትሽ ዳሌ ውስጥ ያለው ግን እሱ በእጁ የሚያውቀው አጥንት አይደለም። ሲጎትት በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ሊሰበር ይችላል። ከዳሌው ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ ያኔ እግር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባቱን ማሸት ደግሞ በእነዚህ ሳምንታት በደም ሥር የረጋ ደም ካለ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። አንድ አባት ሦስት ቀን በቅቤ ሲታሹ፣ ሲጎተቱ ከርመው መጡ፤ ወልቆ ነበር፣ ጡንቻው ተኮማትሮ እንደገና መክፈት ግድ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ቢመጡ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ሳይከፈት ይመለስ ነበር። «ትንሽ ቢነካካው ምን አለበት» አትበይኝ። በቅቤም፣ በዘይትም፣ በጸሎትም ታጅቦ አይሆንም፤ ጸሎቱ ብቻውን ይሁን።

ዲክሎፌናኩንስ ማን አዘዘልሽ? ደም እንዳይረጋ ኪኒን እየወሰዱ ከሆነ ሁለቱ ሲገናኙ ጨጓራ ያደማሉ። ኩላሊትም አለ፣ ግፊትም አለ። ዛሬውኑ አቁሚውና ያለውን ሁሉ ይዘሽ ሐኪሙን አሳዪው። ሕመሙ ካልቀነሰ ምክንያቱን መፈለግ ነው እንጂ መሸፈን አይደለም።

አይዞሽ፣ ብዙው መውለቅ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፣ ጡንቻውና ሽፋኑ እስኪጠና። ከዚያ በኋላ አደጋው በጣም ይቀንሳል፣ ክልከላውን ግን ሐኪሙ ነው የሚያላላው። እስከዚያው ሲተኙ በጉልበታቸው መሀል ትራስ፣ ሲቀመጡ ጉልበት ከዳሌ ዝቅ ብሎ፣ እግር ሳይነባበር።

ዘጌ? ለዚህ በዓል አይሆንም። ጀልባው ራሱ ችግር የለውም፣ የሚያስፈራው ወርዶ መግባቱ፣ ዝቅተኛው አግዳሚና ከወደቡ በቡናው ጫካ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው ድንጋያማ ዳገት ነው። ከ3 ወር በኋላ ራጁ ጥሩ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቀሽ ውሰጃቸው። ሁለት ሰው ይደግፋቸው፣ ጠንካራ ትራስም ያዢ፣ እዚያም ስግደቱን ትተው ቆመው ይጸልዩ።