ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የሚታወቀው ቃል ነው

«የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ባስረዳም ሰዎች አይገባቸውም፤ ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ፋርማሲ ውስጥ ለዓመታት ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ሰውን የሚያሳስተው ብዙ ጊዜ የማያውቀው ቃል አይደለም። የማያውቀውን ይጠይቅሃል። የሚያውቀውን ግን በለመደው ትርጉም ይዞት «እሺ» ብሎ ይሄዳል።

አንድ እናት ተናደው መጡ። ተመርምረው «ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዷል» ተብለዋል። «እኔ እኮ ይሄን መድኃኒት ወስጄ አላውቅም፤ ሰውነቴ መቼ ነው የተላመደው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዕለት ተዕለት ንግግራችን መድኃኒት የሚላመደው ሰው ነው። ቃሉ ቀላል ስለሆነ ብቻ የገባቸው መስሎን ስንቱን እንዲህ ሸኝተናል!

ወረቀት አወጣሁና 20 ነጥብ አደረግኩ። አንዷን ከበብኳት። «እነዚህ ጀርሞች ናቸው። ይቺኛዋን በአጋጣሚ መድኃኒቱ አይገድላትም» አልኳቸው። 19ኙን ሰረዝኳቸው። ከሥር ሌላ መስመር ነጥብ ደረደርኩ፤ አሁን ሁሉም የተከበቡ ናቸው። «ሰውነትዎ አይደለም የተለወጠው። የተረፈችው ናት የተራባችው» አልኩ። አንዳንድ ባክቴሪያ ከተመቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ፍጥነት አንዷ በ1 ሰዓት 8፣ በ10 ሰዓት ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች።

ወረቀቱን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ታዲያ ይቺ የተረፈችው ከሌላ ሰው ወደኔ ልትመጣ ትችላለች ማለት ነው?» አሉ። እኔ ይሄን ገና አልነገርኳቸውም! ራሳቸው ናቸው የደረሱበት። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

«ቲዎሪ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ግምት ማለት ይመስለዋል። ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለውም እኮ ቲዎሪ ነው፤ በማስረጃ የጸና ማብራሪያ እንጂ ግምት አይደለም።

ስለዚህ ማስረዳት ከመጀመርህ በፊት «ይሄን ቃል ስትሰማ ምን ይመጣልሃል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ሳታቋርጥ ስማ። ስትጨርስ ደግሞ «ገባህ?» አትበል። «አልገባኝም» ማለት ሰውን ያሳፍራል። «ቤት ላሉት እንዴት ትነግራቸዋለህ?» በለው። እሱ ሲናገር የጎደለው ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል፤ ከዚያው ላይ እንደገና ጀምር።