«የጭኑ አጥንት አጥሯል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ 21 ሳምንት ሆኖኛል። አልትራሳውንድ ያነሳኝ ባለሙያ «የጭኑ አጥንት 29 ሚሊ ሜትር ነው፣ አጥሯል» አለኝ። ከዚያ በላይ አላብራራልኝም። የታዘዘልኝን ካልሲየም ስለሚያቅለሸልሸኝ ከወር በፊት አቋርጬዋለሁ። ልጄን የጎዳሁት እኔ ነኝ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምርልሽ። አይደለሽም። ካልሲየሙን ማቋረጥሽ አይደለም አጥንቱን ያሳጠረው። የአጥንት አፈጣጠር ችግሮች በአብዛኛው ከዘረመል ለውጥ የሚመጡ ናቸው። «አጥሯል» ብሎ እናትን ዝም ብሎ መሸኘት ደግሞ በጣም ያሳዝነኛል።

በ21 ሳምንት 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንጠብቃለን። ያንቺው ያንሳል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ቁጥር ብቻውን በሽታ አይባልም። ሳምንቱ በምን ተቆጠረ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሳሽው አልትራሳውንድ ካለ ይዘሽው ሂጂ። ልኬቱም ይሸውዳል። አጥንቱ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ዘንግ ነው የሚታየው። መሣሪያው ትንሽ ከዘመመ ጫፉ ይቀርና አጥሮ ይወጣል። እኔ ሦስቴ ሳልለካ አልጽፍም።

ቀጥዬ የእግሩን መዳፍ ከተረከዝ እስከ ጣቱ ጫፍ እለካለሁ። የመዳፉና የጭን አጥንቱ ርዝመት እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም አብረው ካነሱ ልጁ በጠቅላላው ትንሽ ነው፤ ወላጆቹን ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የእንግዴ ልጁ በደንብ ስላልመገበው። መዳፉ ደህና ሆኖ ጭኑ ብቻ ካጠረ ግን ጥርጣሬዬ ወደ አጥንቱ ይዞራል።

ያኔ ዓይኔ ደረቱ ላይ ነው። ደረቱ ከጠበበ ሳንባው የሚያድግበት ቦታ ያጣል፤ ለሕይወት የሚያሰጉትን ከሌሎቹ የምንለየው በዋናነት እዚያ ነው። የጎበጠ ወይም የተሰበረ አጥንት መኖሩንም አያለሁ።

አኮንድሮፕላዥያ የሚባለውን፣ እጅና እግርን የሚያሳጥረውን የዘረመል ችግር አንብበሽ ከሆነ፣ የእሱ ማጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ24 ሳምንት በኋላ ነው። እንዲህ ካሉ ልጆች ከ10 ወደ 8ቱ የሚወለዱትም ቁመታቸው እንደማንኛውም ሰው ከሆነ ወላጆች ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የጽንስ ምርመራ ስፔሻሊስት ዘንድ ድገሚው። አጥንቱ እኩል እየሄደ ነው ወይስ ወደ ኋላ እየቀረ? እየቀረ ከሆነ ከእንሽርት ውሃ ናሙና ተወስዶ ዘረመሉ ሊታይ ይችላል፤ መወሰን ያንቺ ነው። ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ግቢ። የደረቱን፣ የመዳፉንና የጭኑን ልኬት በወረቀት ሳትቀበዪ አትውጪ።