ስለ ፈረንጅ ዶሮ የጠየቃችሁኝ፣ እኔም የመለስኩት

«በ40 ቀን ለቢላ የምትደርስ ዶሮ ምን ዓይነት ዶሮ ናት?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ሰው ሁሉ የመሰለውን ሲጽፍ ሰንብቷል። ቢሾፍቱ አካባቢ 22 ዓመት ከዶሮ ጋር የኖርኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ጥያቄ ካላችሁ ልመልስ ባልኩት መሠረት የደረሱኝን አንድ በአንድ እነሆ።

ዶክተር፣ የፈረንጅ ዶሮ ሆርሞን እየተወጋ ነው የሚያድገው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ በሠርግም በለቅሶም ተጠይቄዋለሁ። የዕድገት ሆርሞን ፕሮቲን ነው፤ ከመኖ ጋር ቢቀላቀል የዶሮዋ ሆድ እንደ አኩሪ አተር ፈጭቶ ያሳልፈዋል። እንዲሠራ ካስፈለገ በየቀኑ ደጋግሞ መውጋት ይጠይቃል። 10,000 ዶሮ ባለበት አዳራሽ መርፌ ይዞ የሚዞረው ማን ነው? አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ለዶሮ ሆርሞን መስጠት አይፈቀድም።

ምስጢሩ ዘር መምረጥ ነው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጅ አቆጣጠር የ1957፣ የ1978 እና የ2005 ዘሮችን ወስደው አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳደጓቸው። በ56ኛው ቀን የመጀመሪያዋ 905 ግራም፣ ሁለተኛዋ 1,808 ግራም፣ ሦስተኛዋ 4,202 ግራም መዘነች። መኖው ያው ነው፤ የተለየው ዶሮዋ ናት።

ታዲያ ምንም ችግር የለውም እያሉን ነው?

እንዲያ አልወጣኝም። ችግሩን የምትፈልጉት በሌለበት ቦታ ነው ማለቴ ነው።

አንደኛው ችግር የዶሮዋ የራሷ ነው። ሥጋዋ ሲከማች እግሯና ልቧ እኩል አይሮጡም። አምስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ቤቱ ብትገቡ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ጉዝጓዙ ላይ የምትቀመጥ፣ ደረቷ ላባ ያልቀረለት ዶሮ ታያላችሁ። ጠዋት በልታ ከሰዓት ልቧ ቀጥ የምትልም አለች።

ሁለተኛው የእኛ ነው፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸኛው ነው። አንድ ጊዜ ለምክር የተጠራሁበት ግቢ ባለቤቱ የመድኃኒት ዱቄት በሾርባ ማንኪያ እየዘገነ ውኃ መጠጫቸው ውስጥ ሲጨምር ደረስኩ። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ነበር። «ምን ታመሙብህ?» አልኩት። «ምንም፤ እንዳይታመሙ ነው» አለኝ። በዚያው ቀን የሰበሰበውን እንቁላል በር ላይ የቆመ መኪና እየጫነው ነበር። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላሏም ሥጋዋም ለገበያ ሳይወጣ የሚቆይበት የተወሰነ ጊዜ አለ፤ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል፣ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። እንዲህ በዘፈቀደ የሚሰጥ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል፤ የተለማመደው ባክቴሪያ ደግሞ ከዶሮ ቤት ወጥቶ ወደ ሰው ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ዕድገት ለማፋጠን ተብሎ ከመኖ ጋር የሚሰጥን ፀረ ባክቴሪያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ከልክሏል። ስለ ሆርሞን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም።

ለልጄ የሐበሻ እንቁላል ብቻ ነው የማበላው፤ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ስለሆነ። ልክ ነኝ?

እህቴ፣ ቀለሙ የሚመጣው ከመኖ ነው። ቅጠል የምትለቅም፣ ቢጫ በቆሎ የምትበላ ዶሮ አስኳሏ ይደምቃል። የፈረንጇንም መኖ ብንቀይርላት በጥቂት ሳምንት ያንኑ ቀለም ትጥላለች። ስለዚህ በቀለም አትግዢ፤ ትኩስነቱን እዪ። ልጁ ሁለቱንም ቢበላ ይጠቀማል። ቅርፊቱ ነጭ ወይም ቡናማ መሆኑም የዘር ነገር እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም።

ከፈረንጅ ዶሮ የሚወጣ ወጥ ለምን ወጥ አይሆንም?

ይህን የጠየቀችኝ ሴት በንዴት እንደ ጻፈች ያስታውቃል፤ እውነት አላት። ሽንኩርቱ ሰዓታት ሲቁላላ ቆይቶ የገባች ዶሮ፣ ክዳኑ ሲከፈት አጥንቷ ለብቻው፣ ሥጋዋ ለብቻው ተበትኖ ይገኛል። 12 ብልት ብለን አስገብተን የምናወጣው ቁጥሩ የማይታወቅ ነው።

ምክንያቱ ዕድሜ ነው። የ6 ሳምንት ዶሮ ገና ጫጩት ናት፤ ሥጋዋን ከአጥንቷ ጋር የሚያያይዘው ጅማት አልጠነከረም። የሐበሻዋ ግን ስትሮጥ፣ ስትበር፣ ቆጥ ላይ ስትወጣ ብዙ ወር ቆይታለች፤ እሳቱን ትችላለች፣ ቀስ ብላም ጣዕሟን ለመረቁ ትለቃለች። ስለዚህ የ6 ሳምንቷን ለጥብስና ለምድጃ ተዉአት። ለወጥ ግን መጣል ያቆመች የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ፈልጉ። ዓመት ከመንፈቅ ያለፋት ናት፣ ብዙ ጊዜ ዋጋዋም ይረክሳል። ባለቤቴ ለገና የሠራችውን እንግዶቻችን የሐበሻ ነው ብለው ተከራክረዋል።

ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። እዚህ ሁሉ ነገር በማሽን ነው እየተባለ በ2025 እንቁላል ለምን እንዲያ ተወደደ?

የወፍ ጉንፋን ነው። ከ2022 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችና ሌሎች ወፎች በበሽታው ሞተዋል ወይም እንዳያዛምቱ ተወግደዋል። በመጋቢት 2025 የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ 6 ዶላር አልፎ ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ሚሊዮን እንቁላል ጣይ ማኖር ዋጋን ያረክሳል፤ በሽታው የገባ ቀን ግን የሚወገደውም ያው ሚሊዮን ነው። ገጠር 5 ዶሮ ያላቸው እናት ፈንግል ቢገባባቸው 5 ያጣሉ። የእርሳቸው ኀዘን ያነሰ ነው ማለቴ አይደለም፤ ገበያው ግን አይናወጥም።

እናንተ ባለሙያዎች ናችሁ የሐበሻን ዶሮ የምታጠፉት። አያቶቻችን ያለ እናንተ ይበሉ ነበር።

ወንድሜ፣ ቁጣህን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ግን ቁጠር፦ የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ጥላ ጥላ ትታቀፋለች፣ ጫጩቷን ታሳድጋለች፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። የፈረንጇ እንቁላል ጣይ መታቀፍን ረስታ ወደ 300 ትጥላለች። አያቶቻችን እንቁላል የበሉት በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣና አራስ ስትጠየቅ ነበር። ዛሬ ከተማው ውስጥ ልጅ በየቀኑ አንድ ይብላ ካልን በሐበሻዋ ብቻ አንደርስም።

ግን ግማሹ ንግግርህ ልክ ነው። የፈረንጇ ዶሮ ያለ ሰው መኖር አትችልም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ባትሪ ይዘን ስንገባ ማሞቂያው ቀዝቅዞ፣ የ4 ቀን ጫጩቶች ብርዱን ሸሽተው አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ። ወደ ሥር እጄን ስሰድ ለብ ያለና የማይንቀሳቀስ ነገር ነካሁ። እስኪነጋ 312 ቆጠርን። የሐበሻዋ እናት ክንፏን ዘርግታ የምትሠራውን ሥራ እኛ ለኤሌክትሪክ ሰጥተነዋል።

ሌላም አለ። ከእነዚህ ዶሮዎች ራስህ ጫጩት ብታስፈለፍል እንደ እናቷ አትሆንልህም፤ ድቅል ስለሆነች በየጊዜው ከአስፈልፋይ መግዛት ግድ ነው። አስፈልፋዩም ወላጆቻቸውን ከውጭ ያስመጣል። በዓለም ላይ የሥጋ ዶሮ ዘር በአመዛኙ በሁለት ኩባንያዎች እጅ ነው። ስለዚህ የሐበሻዋን ዘር መጠበቅ የናፍቆት ጉዳይ አይደለም፤ ቢሾፍቱ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሆሮ የተባለችውን የአገራችንን ዶሮ ለማሻሻል የተደከመውም ለዚህ ነው።

እንቁላል የማይጥሉት ወንድ ጫጩቶች የት ይሄዳሉ?

በእንቁላል ጣይ ዘር ብዙዎቹ በተፈለፈሉበት ቀን ይወገዳሉ። ጀርመን ከ2022 ጀምሮ ከልክላለች፤ አሁን እንቁላሉ ሳይፈለፈል ጾታውን የሚለይ መሣሪያ አለ። ውድ ነው።

በቤተ ሙከራ የሚበቅል የዶሮ ሥጋ በጾም ይበላል?

ሲንጋፖር በ2020፣ አሜሪካ በ2023 ለሽያጭ ፈቅደዋል፤ ጣሊያን ከልክላለች። የሚበቅለው ከእውነተኛ የዶሮ ሕዋስ ነው፤ እንግዲህ የቀረውን ንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ የዶሮ ሐኪም ነኝ።

500 ቄብ ገዝቼ ልጀምር ነው። ምን ይመክሩኛል?

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ግዛ። ዶሮ አትጾምም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ትጥላለች፣ ትበላለች፣ ገዢው ግን ይሸሻል። ከወጪህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መኖ ስለሆነ ጾም ላይ ከስሮ የሚዘጋ ጀማሪ ብዙ ነው። ከቄብ ይልቅ የአንድ ቀን ጫጩት ካስገባህ ከፋሲካ ወደ ኋላ 24 ሳምንት ያህል ቆጥረህ አስገባ፤ በ20 ሳምንት ገደማ መጣል ይጀምራሉ፣ ለፋሲካ ሞቅ ብለው ይደርሱልሃል። ሙስሊም ሰፈር ያሉ ሱቆችንና ሆቴሎችን ጫጩት ሳትገዛ አነጋግር። የፈንግል ክትባት አታሳልፍ፤ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። እኛ አገር ቀኑ 12 ሰዓት ያህል ስለሆነ መጣል ሲጀምሩ ብርሃኑን በአምፖል ቀስ በቀስ 16 ሰዓት አድርሰው። የጄኔሬተሩን ነዳጅ ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ከመተኛትህ በፊት እይ።