በየትኛው ሰነድ ትመለሳላችሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለረጅም ዓመታት በአየር ማረፊያ የመንገደኞች መመዝገቢያ ባንኮኒ ጀርባ ሠርቻለሁ። ሰው ተሳስሞ፣ ሻንጣውን አስመዝኖ፣ በመጨረሻ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሲመለስ ማየት እስከ ዛሬ ያመኛል። በዚህ እትም የመረጥኳቸው አራት ደብዳቤዎች ሁሉም የሚጠይቁት እንዴት እንደሚሄዱ ነው። እኔ ግን በእያንዳንዱ መልስ ውስጥ ስለ መመለሻው አጥብቄ እናገራለሁ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ባለቤቴ አምና የአሜሪካ ዜግነት አግኝቷል። ሁለቱ ልጆቻችን እዚሁ የተወለዱ ሲሆን አንደኛው ስምንት፣ ሁለተኛዋ አምስት ዓመታቸው ነው። እናቴ አዲስ አበባ በጠና ታማ ተኝታለች። ልጆቹን ይዤ ሄጄ ላስታምማት አስቤያለሁ፤ ምናልባት ስምንት ወር፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ። ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ይቀራል። በረራችን በፍራንክፈርት በኩል ነው። አንዷ ጓደኛዬ «የካርዱ ጊዜ እስካላለፈ ምንም አትሆኚም» ትለኛለች፤ ሌላዋ «ስድስት ወር ካለፈሽ አትመለሺም» ትለኛለች። ማንን ልመን? ለልጆቹስ ምን ላውጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሁለቱም ጓደኞችዎ እውነቱን ገምሰው ነው የነገሩዎት። በካርዱ ላይ የታተመው የማብቂያ ቀንና በአሜሪካ ቋሚ ነዋሪ የመሆን መብትዎ ለየብቻ የሚታዩ ናቸው። ካርዱ ገና ብዙ ዓመት ቢቀረውም፣ ኑሮዎን ወደ ሌላ አገር አዛውረዋል ከተባለ መብቱ ሊነሣ ይችላል።

ከ180 ቀን ሳያልፉ ከተመለሱ በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነዋሪ ይስተናገዳሉ። ከዚያ ካለፈ የድንበር ሠራተኛው እንደ አዲስ ገቢ ሊመረምርዎ ሕጉ ይፈቅድለታል። አንድ ዓመት ከሞላ ግን ካርዱ ብቻውን መመለሻ መሆኑ ያበቃል፤ ያኔ በአሜሪካ ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ይኖርብዎታል፣ እርሱም የዘገዩት ከአቅምዎ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማስረዳትን ይጠይቃል። የእርስዎ ስምንት ወር መካከሉ ላይ የሚወድቅ ነው። መመለስ ይችላሉ፣ ነገር ግን ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ መልሱን በእጅ ቦርሳዎ ይዘው ይሂዱ። የቤት ኪራይ ውል ወይም የቤት ብድር ወረቀት፣ የግብር ማስታወቂያ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የፈቃድ ደብዳቤ፣ የእናትዎ የሐኪም ማስረጃ። ባለቤትዎ ቤቱን ይዞ እዚያው መቅረቱ ራሱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ግብርም ሲያሳውቁ እንደ ነዋሪ ያሳውቁ፤ ነዋሪ አይደለሁም ብሎ ማሳወቅ ነዋሪነትን እንደ መተው ከሚቆጠሩ ነገሮች አንዱ ነው።

«ካስፈለገም ከዚያ በላይ» ያሉት ነገር ግን አሳስቦኛል። የታመመ ሰው የሚያስታምም ሰው ቀን መቁጠር እንደማይችል አውቃለሁ። ስለዚህ አሜሪካ ሳሉ፣ ከመነሣትዎ በፊት፣ አይ-131 በሚባለው ቅጽ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ያመልክቱ። ማመልከቻው ሲገባ በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ግዴታ ነው፤ አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ አይቻልም። አሻራዎንም ሰጥተው ይሂዱ። ፈቃዱ ትንሽ ፓስፖርት የሚመስል ደብተር ነው፣ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ሲያመለክቱም አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል እንዲደርስዎ መጠየቅ ይችላሉ። ይህ ፈቃድ የማይጠብቅልዎ አንድ ነገር አለ፤ የዜግነት ጊዜዎን። ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ለዜግነት የሚቆጠረውን ተከታታይ ነዋሪነት ሊያቋርጠው ይችላል፣ አንድ ዓመት መሙላት ደግሞ ፈቃድ ቢኖርዎትም ያቋርጠዋል። ለእናት ሲባል የዜግነት ቀን ቢዘገይ የሚቆጭ አይመስለኝም፤ አውቀውት እንዲገቡ ብዬ ነው።

አሁን የምነግርዎትን ደግሞ ለሚያውቁት ግሪን ካርድ ያዥ ሁሉ ይንገሩ። ሲመለሱ አንድ ሠራተኛ ረጅም ጊዜ ቆይተዋልና ነዋሪነትዎን በፈቃድዎ መተውዎን የሚገልጽ ወረቀት ይፈርሙ ቢልዎት፣ አይፈርሙ። ቅጹ አይ-407 ይባላል። በአክብሮት «ጉዳዬን የኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲያይልኝ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ይህ መብትዎ ነው። ደክሟቸው፣ ፈርተው፣ ቋንቋውም አስቸግሯቸው ያላነበቡትን የሚፈርሙ እናቶችና አባቶች አሉ፤ ከፈረሙ በኋላ መመለሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ካርዱ አዲስ አበባ ቢጠፋብዎ አይደንግጡ። ለፖሊስ አመልክተው፣ አይ-131ኤ የሚባለውን ማመልከቻ ክፍያ በኢንተርኔት ፈጽመው ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ይሄዳሉ፤ ለመሳፈር የሚያገለግል ወረቀት ፓስፖርትዎ ላይ ይለጥፉልዎታል። የካርዱን የፊትና የጀርባ ፎቶ ለባለቤትዎ ትተው ይሂዱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎንም የማብቂያ ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱ። እዚያ ሳሉ ቢያልፍ፣ እስኪታደስ ድረስ ከቦሌ አይወጡም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። አሜሪካውያን ስለሆኑ ከአሜሪካ የሚወጡትም የሚገቡትም በአሜሪካ ፓስፖርት ነው፤ የአገሪቱ ሕግ እንዲያ ያዛል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፓስፖርት ሲወጣ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ ወይም ያልቀረበው ወላጅ በኖተሪ (በሕጋዊ ሰነድ አረጋጋጭ) የተረጋገጠ ስምምነት መስጠት አለበት፣ ፓስፖርቱም የሚያገለግለው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። ኢትዮጵያ ለመግባት ደግሞ ወይ ቪዛ ወይ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ያስፈልጋቸዋል። በኢንተርኔት የሚወጣው የቱሪስት ቪዛ የ30 ወይም የ90 ቀን ነው። ለስምንት ወር አይበቃም፤ ካለፈም በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት አለው፣ የሚከፈለውም ልትሳፈሩ ስትጣደፉ ነው። ስለዚህ ቢጫ ካርድ ያውጡላቸው። ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው የመግቢያ ቪዛም የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም።

ሌላው የእኛ ልዩ ጉዳይ ስም ነው። የቤተሰብ ስም የለንም። በእርስዎ ፓስፖርት ላይ የአባትዎ ስም፣ በልጆቹ ላይ የአባታቸው ስም አለ። ለፍራንክፈርት ሠራተኛ እርስዎና ልጆቹ የማይዛመዱ ሦስት መንገደኞች ናችሁ። ባንኮኒ ላይ ሳለሁ «ልጆቹ የእርስዎ ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ለእናቶች ማቅረብ ግዴታዬ ነበር፣ ልጅን ከጠለፋ የሚጠብቅ ጥያቄ ስለሆነም አልነቅፈውም። እናትነትዎን የሚያሳየውን የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውን ይያዙ። ባለቤትዎም ልጆቹ ከእርስዎ ጋር እንዲሄዱና እንዲመለሱ መስማማቱን በኖተሪ ያረጋገጠ ደብዳቤ ይስጥዎ፤ የበረራውን ቀን፣ የሚያርፉበትን አድራሻና የራሱን ስልክ ይጻፍበት።

ስለ ፍራንክፈርት፦ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን አገሮች፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ የጋራ ቪዛ ባላቸው የአውሮፓ አገሮች፣ አየር ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። ያልተቃጠለ ግሪን ካርድ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። ነጻ የሆኑት አውሮፕላን ለመቀየር እንጂ ከአየር ማረፊያው ወጥተው ሆቴል ለማደር አይደለም። ትኬቱ ሌሊት የሚያሳድር ከሆነ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ ዱባይ በመኖሪያ ፈቃድ እሠራለሁ። ለወሊድ አገሬ ገብቼ ልጄ ጠንከር እስኪል ልቆይ እፈልጋለሁ። ፈቃዴ ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀረዋል፤ ይህ በቂ አይደለም?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተለመደው የመኖሪያ ፈቃድ ያዥ ከስድስት ወር በላይ በተከታታይ ውጭ ከቆየ፣ ቀሪ ጊዜ ቢኖረውም ፈቃዱ ይወድቃል። በበቂ ምክንያት እንደገና ለመግባት ማመልከት ይቻላል፣ ክፍያና ቅጣት ግን አለው። ስድስት ወሩ ሳይሞላ ይመለሱ። ለሕፃኑም ለብቻው ፓስፖርትና በስሙ የወጣ የመኖሪያ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው አይርሱ፤ አሠሪዎን ከመሄድዎ በፊት በጽሑፍ ያነጋግሩ። በሰላም ያገላግልዎ።

ጥያቄ፦ በጀርመን ጥገኝነት አግኝቼ እኖራለሁ። የያዝኩት ሰማያዊ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። እናቴን ካየኋት ዘመናት አልፈዋል፤ አርጅታለች፣ ግን ትንቀሳቀሳለች። አንድ ሰው «ከኤምባሲ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አውጥተህ ደርሰህ ና፣ ማንም አያውቅም» አለኝ። ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናፍቆትዎ ገብቶኛል፣ ምክሩ ግን ክፉ ምክር ነው። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት፣ አንድ ስደተኛ በፈቃዱ ወደ ዜግነት አገሩ ጥበቃ ከተመለሰ ስደተኝነቱ እንደሚቀር ይደነግጋል። ከኤምባሲ ፓስፖርት ማውጣትና በእርሱ ወደ አገር መግባት የዚህ ዋና ምልክቶች ናቸው። ማንም አያውቅም የተባለውም ከንቱ ነው፤ የበረራ መዝገብ አለ፣ ማኅተም አለ፣ ሲመለሱም ከየት እንደመጡ ይታያል። የዓመታት ልፋትዎን በአንድ ጉዞ አያጥፉት።

እናትዎ መንቀሳቀስ ከቻሉ በሦስተኛ አገር ተገናኙ። ኢትዮጵያውያን ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባሉ፤ እናትዎ ፓስፖርት ካወጡ ናይሮቢ መምጣት ይችላሉ። ከእርስዎ በኩል ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ የያዙት ሰነድ ጀርመን የሰጠችው ቢሆንም የጀርመን ፓስፖርት አይደለም። ለጀርመናውያን በሩን የከፈተ አገር ለእርስዎ ቪዛ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ትኬት ሳይቆርጡ የኬንያን ኤምባሲ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ከፍራንክፈርት ወደ ናይሮቢ ትኬት ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚመጣው በአዲስ አበባ የሚያልፈው ነው። ያንን አይውሰዱ። በረራ ተሰርዞ ቦሌ ቢያድሩ፣ የሸሹት አገር ውስጥ ነው የሚያድሩት። በሌላ ከተማ በኩል ይሂዱ፣ ዋጋው ቢጨምርም።

እናትዎ ከአልጋ የማይነሡበት ቀን ቢመጣስ? ያኔም በድብቅ አይሂዱ። አስቀድመው ጠበቃ ያማክሩ፣ ለውጭ ዜጎች ቢሮም ምክንያትዎን ከሐኪም ማስረጃ ጋር በጽሑፍ ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሲያትል ነው ያለሁት፣ 24 ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መሐላ ፈጽሜያለሁ። የአሜሪካ ፓስፖርቴን ገና አላወጣሁም፣ ለጥምቀት ግን አገር ቤት መግባት እፈልጋለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ሦስት ዓመት ይቀረዋል። አጎቴ «በእርሱ ግቢ፣ የቪዛ ገንዘብ ምን አስጣለሽ?» ይለኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አጎትሽ ገንዘብሽን ሊያተርፍልሽ ፈልጎ ነው፣ ነገር ግን አትስሚው። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን አትፈቅድም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህ ሕግ አንድ ቀን እንዲለወጥ ከልቤ እመኛለሁ፤ ልጆቿን ሁለት ጊዜ የምታቅፍ አገር የምትጎዳ አይመስለኝም። እስኪለወጥ ድረስ ግን፣ ቀኑ ያላለፈ ቢሆንም ያ ፓስፖርት የአንቺ መጓጓዣ አይደለም።

ሕጉን ለጊዜው ተዪውና መመለሻሽን አስቢ። ግሪን ካርድሽን ቃለ መሐላ ስትፈጽሚ አስረክበሻል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ገብተሽ ቦሌ ለመመለስ ስትቀርቢ፣ የአየር መንገዱ ሠራተኛ የአሜሪካ ቪዛም ግሪን ካርድም የሌለበት ፓስፖርት ነው የሚያየው። አሜሪካ የመግቢያ ሰነድ የሌለው ሰው ያመጣ አየር መንገድ ስለሚቀጣ፣ አያሳፍርሽም። የዜግነት ምስክር ወረቀትሽም ለመሳፈሪያ አያገለግልም፤ እርሱን ቤትሽ በደህና ቦታ አስቀምጪው።

ስለዚህ በቅድሚያ የአሜሪካ ፓስፖርትሽን አውጪ። ጉዞሽ ከ14 ቀን በታች ከቀረው ሲያትል ባለው የፓስፖርት ቢሮ አስቸኳይ ቀጠሮ መያዝ ይቻላል። በቃለ መሐላው ጊዜ ስምሽን ለውጠሽ ከሆነ ትኬቱ በአዲሱ ስም ይቆረጥ፣ የስም ለውጡንም ማስረጃ ቅጂ ያዢ። ከዚያ ቢጫ ካርድ አመልክቺ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ያስገባሻል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ያስችልሻል፤ መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን አይጨምርም። ስታመለክቺ የቀድሞ ፓስፖርትሽን ይጠይቁሻል፣ አትደብቂው። ካርዱ ለጥምቀት ካልደረሰ በአሜሪካ ፓስፖርትሽ በኢንተርኔት የ30 ቀን ቪዛ አውጥተሽ ግቢ፣ የቢጫ ካርዱንም ጉዳይ ስትመለሺ ቀጥይው።