መርቼዲስ ማለት ምሕረት ማለት ነው

ወንድሜ፣ ለመለዋወጫ ሱቅህ ታፔላ ልታስጽፍ ስለሆነ «መርቼዲስ ነው ወይስ መርሴዲስ? ትርጉሙስ? ቤንዝ የሚለው ከቤንዚን ነው የመጣው?» ብለህ ጠይቀሃል። ሃያ ዓመት ጋራዥ ስውል ይህ ክርክር ያልተነሣበት ወር ትዝ አይለኝም፤ ትንሽ ይረዝምብሃል፣ ታገሠኝ።

መኪናው የጀርመን ቢሆንም ስሙ ስፓኒሽ ነው። «ምሕረቶች» ማለት ሲሆን የእመቤታችን መጠሪያ ነው፤ እኛ ኪዳነ ምሕረት እንደምንለው በለው። ስፔኖች ሴት ልጃቸውን መርሴዲስ ሲሉ እኛ ምሕረት እንዳልነው ማለት ነው።

ስሙ መኪና ላይ የወጣው በአንዲት ልጅ ምክንያት ነው። ኤሚል የሊኔክ የሚባል ነጋዴ ፈረንሳይ አገር ኒስ ተቀምጦ ዳይምለር የተባለውን የጀርመን ኩባንያ መኪና ለሀብታሞች ይሸጥ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1889 ቪየና የተወለደችውን ልጁን መርሴዲስን ከመውደዱ የተነሣ ውድድር ሲገባ «ሙሴ መርሴዲስ» (አቶ መርሴዲስ እንደ ማለት) ብሎ ይመዘገብ ነበር። በ1900 ሚያዝያ ላይ 36 መኪና በ550,000 ማርክ አዘዘና፣ አዲስ ሞተር ይሠራልኝ፣ ስሙም የልጄ ይሁን አለ። ልጅቷ ገና 10 ዓመቷ ነበር! ቪልሄልም ማይባክ የነደፈው ባለ 35 ፈረስ ጉልበት መኪና በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደረሰ፤ በመጋቢት 1901 ኒስ ላይ ሌሎቹን አስከነዳቸው። በ1902 ስሙ በንግድ ምልክትነት ተመዘገበ። እኔን የሚያስቀኝ ግን የ1903ቱ ነው፦ ሰውየው አስፈቅዶ የራሱን ስም የሊኔክ-መርሴዲስ አስባለ። እኛ ዘንድ ልጅ በአባት ይጠራል፣ እዚያ አባት በልጁ ተጠራ።

ወደ ቤንዚኑ ስንመጣ፣ ሙያ ያስተማሩኝ አዛውንት መካኒክ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ቤንዚን የተባለው በቤንዝ ነው» ብለው ይምሉ ነበር። እኔም ለዓመታት ለደንበኛ ሳወራ ኖሬያለሁ። ስሕተት ነው። ቤንዚን የሚለውን ቃል ሚቸርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1833 አወጣው፤ ካርል ቤንዝ የተወለደው በ1844 ነው። ቤንዝ የሰው ስም ነው፣ በቃ። የዳይምለርና የቤንዝ ኩባንያዎች የተዋሐዱት በ1926 ነው። 123 የሚባለውን ያረጀ የመርቼዲስ ሞዴል ካገኘህ ኮፈኑ ጫፍ ያለችውን ክብ ምልክት በጨርቅ ጠረግ አድርገህ እያት፤ ኮከቡ የዳይምለር፣ ዙሪያውን ያለው ቅጠል የቤንዝ ነው።

አጠራሩን በተመለከተ «መርቼዲስ» የጣሊያኖች አፍ ነው፣ ከእነሱ ወረስነው። ጀርመኖቹ ወደ «መርጼዴስ» ያስጠጉታል። ታፔላህ ላይ ግን መርቼዲስ ብለህ አስጽፍ፤ ፍሬን ሸራ ፈልጎ የሚመጣው ሹፌር የሚጠራው እንደዚያ ነው።