ሬቪት ለሚያውቁ፣ ኢታብስ ለሚጠየቁ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የአንዲት ወጣት ሲቪል መሐንዲስ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሬቪትና ቴክላ የሕንፃ ሞዴል የሚሠራባቸው፣ ሳፕና ኢታብስ ደግሞ ሕንፃው ጭነቱን መቻሉ የሚሰላባቸው ሶፍትዌሮች ናቸው።

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ተመርቄ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ካምፓስ እያለሁ ጊዜዬን ያጠፋሁት ሬቪት ላይ ነው፣ ቴክላም ትንሽ ነክቻለሁ። በቅርቡ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የብረት መጋዘን ሞዴል ሰጡኝና ‹ይሄን ሳፕ ውስጥ አስገቢና ራን አድርጊው› አሉኝ። አስገባሁት። ስክሪኑ ላይ ሲታይ ቁልጭ ያለ ነው። ራን ሳደርገው (ስሌቱን ሳስጀምረው) ግን ‹አንስቴብል›፣ አይረጋጋም፣ ብሎ ቆመ። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ‹እንደውልልሻለን› አሉኝ፣ አልደወሉም። ማስታወቂያው ሁሉ ኢታብስና ሳፕ ይላል። ኮርስ ገብቼ ሰርተፊኬት ልያዝ? ወይስ ሬቪቱን ትቼ ከዜሮ ልጀምር?»

እህቴ፣ ሬቪቱን እንዳትተዪ። ሰርተፊኬቱም ይቆይ።

ወደ ሙያ ምክር ከመምጣቴ በፊት ስትራክቸር ቢሮ ውስጥ ስለሠራሁ ያቺ ፈተና አዲስ አልሆነችብኝም። የፈለጉት ሞዴሉን የምታስገቢበትን ቁልፍ ማወቅሽን አይመስለኝም። እሱን ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ሶፍትዌሩ ሲቆም ምን እንደምታደርጊ ነው ማየት የፈለጉት። ያኔ «ይቅርታ፣ ሳፕ ብዙ አልሠራሁም» ካልሽ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። «ቆይ፣ የቱ ዘንግ እንዳልተያያዘ ልይ» ብትዪ ግን ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን እንየው። ሬቪት ወይም ቴክላ ላይ የሚሠራው ሞዴል ለሚቆርጠው፣ ለሚበሳው፣ ለሚበይደውና ለሚገጥመው ሰው ነው። ብረቱ እንዳለ፣ ከነውፍረቱ፣ ከነብሎኑ ይቀመጣል። ሳፕና ኢታብስ ግን የሚያዩት መስመርና ነጥብ ብቻ ነው። ቢሙ (አግዳሚው) መስመር ነው፣ ኮለኑ (ቋሚው) መስመር ነው፣ የሚገናኙበት ቦታ ኖድ ነው። አንዱ ፎቶ ከሆነ ሌላው ራጅ ነው። ፎቶው አማረ ማለት ራጁ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አንድ መገጣጠሚያ ቀረብ ብለን እንይ። ኮለኑ ኤችኢኤ 200 ነው እንበል፣ እንደ አይፒኢ ሁሉ የብረት ቅርጽና መጠን መጠሪያ ነው። ጥልቀቱ 190 ሚሊ ሜትር ነው። ቢሙ መጥቶ የሚቆመው ኮለኑ ፊት ላይ ነው፣ ምክንያቱም እውነተኛ ብረት ሌላ ብረት ውስጥ አይገባም። እንግዲህ የቢሙ ጫፍ ከኮለኑ መሀል መስመር ቢያንስ 95 ሚሊ ይርቃል። በዓይን ሲታይ ተነካክተዋል። በመስመር ሲታይ ግን ቢሙ አየር ላይ ነው።

ከፍታም አለ። አይፒኢ 300 እና አይፒኢ 200 ቢሞች ላያቸው እኩል ሆኖ ጣሪያ ወይም ወለል ይሸከማሉ። የአንዱ መሀል ከላይ 150 ሚሊ ዝቅ ይላል፣ የሌላው 100 ሚሊ። የ50 ሚሊ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሳፕ «ለእኔ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ናቸው» ብሎ ያልፋቸዋል። መጋዘኑ ውስጥ ብሬሲንጎቹም (ፍሬሙ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚያስሩት ሰያፍ ዘንጎች) እንዲህ ሳይያያዙ ቀርተው ከሆነ «አንስቴብል» ማለቱ እውነቱን ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሜርጅ ቶለራንሱን (በምን ያህል ርቀት ያሉ ነጥቦች እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ የሚወስነውን) ከፍ አድርጎ ይገላገላል። 100 ሚሊ ብትዪው 95ቱን ይውጠዋል፣ ልክ ነው። ግን የጣሪያው ትራስ (በሦስት ማዕዘን የተያያዙት ዘንጎች) ላይ የግድ ተለያይተው መቆየት ያለባቸውን ቅርብ ለቅርብ ነጥቦችም አብሮ ይውጣል። ኤረሩ ይጠፋል፣ ስሌቱም ይበላሻል። እኔ ብሆን ቶለራንሱን ትንሽ አድርጌ የቀረውን በእጅ አገናኛለሁ። ከዚያ ሞዳል አናሊሲስ (ፍሬሙ እንዴት እንደሚወዛወዝ የሚያሳየውን ስሌት) ራን አድርጊና የመጀመሪያውን ሞድ፣ ማለትም የመጀመሪያውን የመወዛወዝ ቅርጽ፣ አኒሜት አድርገሽ ተመልከቺ። ያልታሰረው ዘንግ ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻውን ሲወዛወዝ ታገኚዋለሽ። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህቺን ብቻ ብታደርጊ ኖሮ ይበቃሽ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይሄ እንግዲህ የሚጮኸው ስህተት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ነው።

ቢሙ ኮለኑ ላይ በአንዲት ፕሌትና በሁለት ብሎን ወገቡ ላይ ብቻ ከተያዘ ጫፉ ይዞራል፣ ፒን ነው የምንለው። ሞዴሉ ሲሻገር ግን ሪሊዝ (ጫፉ እንዲዞር የሚያደርገውን ትእዛዝ) ካልሰጠሽው ሶፍትዌሩ ድርቅ ብሎ እንደተበየደ ይቆጥረዋል። ውጤቱን በቁጥር እንየው። 6 ሜትር የሆነ አይፒኢ 300፣ በሜትር 10 ኪሎ ኒውተን ጭነት። ፒን ከሆነ መሀሉ ላይ 45 ኪሎ ኒውተን ሜትር ሞመንት (የማጉበጥ ኃይል) አለው፣ 9.6 ሚሊ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ጫፍ ፊክስድ (የማይዞር) ከሆነ መሀሉ 15 ብቻ ይሆናል፣ የሚወርደውም ወደ 2 ሚሊ ነው። ኤረር የለም፣ ቀይ ምልክት የለም። ስክሪኑ ላይ ቢሙ ተርፎታል። ሜዳ ላይ ግን ያንን ሞመንት የሚይዝ መገጣጠሚያ ማንም አልሠራም።

ሌላው አቅጣጫ ነው። ዘንጉ በዘጠና ዲግሪ ዞሮ ሊገባ ይችላል፣ በተለይ መስመሩ ብቻ በዲኤክስኤፍ ፋይል ከመጣ። የአይፒኢ 300 ኢነርሺያ (መጉበጥን የመቋቋም መለኪያው) በጠንካራው አክሲስ 8356፣ በደካማው 604 ሴንቲ ሜትር አራተኛ ነው። አሥራ አራት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ያ 9.6 ሚሊ የነበረው 133 ሚሊ ይሆናል። ይሄኛው እንኳን ደግነቱ ዓይን ይወጋል። ኮለን ሲዞር ግን ያን ያህል አይታይም፣ ስለዚህ ኤክስትሩድ ቪው (ዘንጉን ከነቅርጹ የሚያሳየውን እይታ) ከፍተሽ እያንዳንዱን ተመልከቺ።

የሴክሽን (የብረቱ ቅርጽና መጠን) ስምም አለ። ሬቪት ላይ የተጻፈውን ስም ሳፕ ላይብረሪው ውስጥ ካላገኘው ሌላ ነገር ሊተካ ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው ጣሪያ የሚሠራው ከመርካቶ በሚገዛ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ነው። እሱን ራስሽ ትሞያለሽ። ውፍረቱን ከወረቀት ሳይሆን ከብረቱ ለክተሽ ብትሞዪው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።

ብሬሲንግን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቀጭን ዘንግ ሲጎተት ይሠራል፣ ሲጨመቅ ይጣመማል። ተራው ሊኒየር ትንተና ግን ይህን ስለማያውቅ ግማሹን ኃይል ለተጨመቀው ያካፍለዋል። ብሬሲንጉ የሚያስፈልገው ለጎን ኃይል ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር የፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ ለነበረ ሰው የጎን ኃይል ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የማሻገሪያ መንገዶቹን ቶሎ ልለፋቸው። ከሬቪት ወደ ሮቦት (ሌላ የስሌት ሶፍትዌር) ቀጥታ አለ፣ ሁለቱም የአውቶዴስክ ናቸው። ወደ ኢታብስና ሳፕ የሁለቱ ባለቤት ሲኤስአይ ራሱ የሚያቀርበው ሲኤስአይኤክስሬቪት የሚባል ማገናኛ አለ። አይኤፍሲ የሚባለው ፋይል ብዙ ጊዜ የብረቱን አካል ያመጣል፣ ኖዱንና ጭነቱን ግን አትጠብቂ። ዲኤክስኤፍ መስመር ብቻ ነው፣ ግን ታማኝ ነው። ሌየሮቹን በደንብ ከከፈልሽ እኔ ለትንሽ መጋዘን እሱን እመርጣለሁ። አንድ የምትጠነቀቂው ነገር አለ። ከሬቪት 2023 ጀምሮ አናሊቲካል ሞዴሉ (ለስሌት የሚሆነው የመስመርና የነጥብ ሞዴል) ከብረቱ ጋር ራሱ አይፈጠርም፣ ለብቻው ነው የሚሠራው። በድሮ ቪዲዮ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ነው ግራ የሚጋባው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ከተማው ውስጥ ሬቪት የሚችል ሞልቷል፣ ኢታብስ የሚችልም ሞልቷል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ይሄ ቁጥር ከዚያ ለምን ተለየ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንቺ ግማሹን ይዘሻል። የጎደለሽ ሶፍትዌር ሳይሆን ማመሳከር ነው። እሱን ደግሞ ኮርስ ሳይከፈል ቤት ተቀምጦ መልመድ ይቻላል።

እንዲህ አድርጊ። አንድ ትንሽ መጋዘን ሬቪት ላይ ሥሪ። ስኬጁል (የዕቃ ዝርዝር ሠንጠረዥ) አውጥተሽ የብረቱን ቮልዩም በሜትር ኩብ ደምሪና በብረት ክብደት፣ በ7850 ኪሎ በሜትር ኩብ፣ አባዢው። ጠቅላላ ክብደቱን በኪሎ አገኘሽ። ከዚያ ሞዴሉን አሻግሪና በራሱ ክብደት ብቻ ራን አድርጊው፣ የታችኛውን ሪአክሽን (ኮለኖቹ መሬት ላይ የሚያሳርፉትን ጭነት) ሁሉ ደምሪ። ወደ አንድ መለኪያ ስትቀይሪያቸው ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ አለባቸው። ሳፕ መስመሮቹን እስከ መሀል ስለሚያስረዝም ትንሽ ይበልጣል፣ ፕሌትና ብሎን ስለማይቆጥር ደግሞ ትንሽ ያንሳል። በሰፊው ከተራራቁ ግን የጠፋ ዘንግ ወይም የተቀየረ ሴክሽን አለ ማለት ነው። ቀጥለሽ አንዱን ቢም በእጅሽ አስይው፣ ያ 45 መውጣቱን እይ። አንዱን ፍሬም በጎን ግፊውና ወደየት እንደሚሄድ ተመልከቺ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፊው፤ ሬቪት ምን አለ፣ ሳፕ ምን አለ፣ እጄ ምን አለ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ። ባለ ቀለም ሬንደር (ያማረ የሞዴል ምስል) አታብዢ። ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉ ትላልቅ መሐንዲሶች ሬንደር አይተው አይተው ሰልችቷቸዋል። ይህቺን ገጽ ሲያዩ ግን መነጽራቸውን ያደርጋሉ።

መገጣጠሚያ በዓይንሽ ካላየሽ ደግሞ አንድ ጠዋት ተነሺና ብረት ቤት የሚሠራ ወርክሾፕ ሂጂ። ባለሙያዎቹን «የኔ ወንድም፣ ይሄን እንዴት ነው የምታስሩት?» ብለሽ ጠይቂ። ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩሽ። የቱ ፒን የቱ ፊክስድ እንደሆነ ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር ቦታ አላውቅም።

ኮዱንም፣ ማለትም የብረት ዲዛይን ደንቡን፣ አትርሺ። በካምፓስ ማስታወሻ ላይ የድሮው የኢትዮጵያ ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 3 የ1995 (እ.ኤ.አ.)፣ ካለሽ ለመሠረቱ ይረዳል፣ ግን አሁን የሚጠየቀው የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ኢኤስ ኢኤን 1993 ነው፣ ከአውሮፓው ዩሮኮድ 3 የተወሰደው። ሳፕ ላይ ዩሮኮድ 3ን ስትመርጪ ፓራሜትሮቹ የየትኛው አገር እንደሆኑ ተመልከቺ። ዝም ብለሽ ‹ኦኬ› ካልሽ የእኛ ያልሆነውን ይዘሽ ልትሠሪ ትችያለሽ።

ሲቪሽ ላይ «ኢታብስ፦ ኤክስፐርት» ብለሽ እንዳትጽፊ። አንድ ጥያቄ ነው የሚያጋልጥሽ። «የብረት ሞዴል ከሬቪት ወደ ሳፕ አሻግሬ በእጅ ስሌት አመሳክራለሁ» በይ። ይሄ እውነት ነው፣ ደግሞም የሚጠየቅበት ነገር ይዞ ይመጣል፣ ለጥያቄው ደግሞ መልስ አለሽ።

በመጨረሻ፣ የምታመለክቺበትን ቦታ ሰፋ አድርጊው። ሁሉም ሰው ኮንሰልታንት ቢሮ ላይ ነው የሚረባረበው። ብረት የሚሠሩና የሚገጥሙ ኮንትራክተሮችም ሾፕ ድሮዊንግ (ብረቱ የሚቆረጥበትና የሚገጠምበት ዝርዝር ሥዕል) የሚያወጣ ሰው ይፈልጋሉ። እዚያ ቴክላ መንካትሽ ትልቅ ነገር ነው። ከኮንሰልታንቱ የመጣው ሞዴልና እነሱ የሚቆርጡት ብረት አልገጥም ሲል የሚጠሩት አንቺን ይሆናል። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ ደግሞ ቀኑ ሳያልፍ ገጿን አያይዘሽ ላኪ።