መልስ፦ ጅማ ዝናብ እያላት የውሃ ጫና እንዴት ይለካል?

ወንድሜ፣ «ጅማ ይሄን ሁሉ ዝናብ እያገኘች የውሃ ጫና አለባት ወይ? በምን ይለካል?» ብለሃል። ዝናብ ብቻውን መለኪያ አይሆንም። በተባበሩት መንግሥታት ስሌት፣ በዓመት ከወንዝና ከከርሰ ምድር የሚቀዳው ካለው ታዳሽ ውሃ፣ ማለትም በየዓመቱ በዝናብ ከሚተካው ጋር ይነጻጸራል። መጀመሪያ ግን ከታዳሹ ውሃ ላይ ለወንዙ ለራሱ፣ ለዓሣውና ለረግረጉ የሚያስፈልገው ይቀነሳል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል! ውጤቱ ከ25 በመቶ በታች ከሆነ ጫና የለም ይባላል፤ ከ100 ካለፈ በጣም አሳሳቢ ነው።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ለአገር በሙሉ፣ በዓመት ነው። ወሩንና ሰፈሩን አያሳይህም። ክረምት ደፍርሶ የሚሞላውን የጅማን ወንዝ አዌቱን በየካቲት ድልድዩ ላይ ቆመህ እየው፤ ቀጥኖ ድንጋዩ ይታያል። እኛ ሰፈር ያኔ ቢጫ ጀሪካን ይደረደራል። የቧንቧ መጥፋት ግን ለብቻው የሚታይ ነው፤ ወንዙ ሞልቶም መስመሩ ላይደርስህ ይችላል።